ከመዋጮው እስከ ባጃጁ፦ ልጅን ከግል ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የማዛወር ሒሳብ

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ትንሿ ልጄ የግል ኬጂ ጨርሳ በመስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች። ትምህርት ቤቱ በወር 2,200 ብር ጠይቆናል። ወንድሟም እዚያው አምስተኛ ክፍል ይገባል። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ እኔ አራዳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጎረቤቶቼ ‹የመንግሥቱ በነጻ አለልሽ፣ ምን አስጨነቀሽ?› ይሉኛል። እህቴ ደግሞ ‹ልጆችሽን እንዳታበላሺ› ትለኛለች። ባዛውራቸው በእርግጥ ምን ያህል እቆጥባለሁ?»

ጎረቤቶችዎም እህትዎም የያዙት ግማሽ ግማሽ እውነት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ አይደለም፤ የግሉም ዋጋ 2,200 ብር አይደለም። እኔ በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምሬ፣ ርዕሰ መምህርም ሆኜ፣ ኋላ ደግሞ የግል ትምህርት ቤቶችን ሒሳብ እየሠራሁ እንጀራዬን የበላሁ ሰው ስለሆንኩ የሁለቱንም ጓዳ አይቻለሁ። የሁለቱም ጓዳ ከሳሎናቸው ይለያል።

ከ«ነጻ»ው ልጀምር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነጻ አደረገ። ነጻ የሆነው ማስተማሩ ነው። የመምህሩን ደመወዝ ከተማው ከበጀቱ ይከፍላል፤ ከዚያ በጀት አብዛኛውን የሚበላውም ያው ደመወዝ ነው። ጠመኔ፣ የፈተና ወረቀት፣ የተሰበረ ዴስክ፣ የፈሰሰ ቧንቧ፣ የሌሊት ጥበቃ፣ እነዚህ ሁሉ በተረፈችው ይሸፈኑ ይባላል፤ የተረፈችው ግን አትበቃም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል በተማሪ ቁጥር እየተሰላ ለየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ድጎማ መጣ፤ ረድቷል፣ ቀዳዳውን ግን አልደፈነም። የቀረው በወላጅ ይሞላል። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ፣ ወተመህ የምንለው፣ በመስከረም ስብሰባ ይጠራል፤ ርዕሰ መምህሩ የጎደለውን ይዘረዝራል፤ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «ባለፈው ዓመት ያዋጣነውስ የት ገባ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሳቅ ይሆናል፤ ከዚያ በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ይዋጣ ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። በርዕሰ መምህርነቴ ዘመን ያን ስብሰባ እንደ ፈተና ቀን እፈራው ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ያፍራል፣ የሚከፍለውም ያጉረመርማል።

አዲስ አበባ ዘመድ ካለዎት ደግሞ «እኛ ጋ ዩኒፎርሙም ደብተሩም ምገባውም በመንግሥት ነው» ትልዎት ይሆናል። ልክ ነች። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ያን ታደርጋለች። ያ የዚያ ከተማ አስተዳደር ውሳኔና በጀት ነው። ጎንደር ላይ ሲያሰሉ ጨርቁን ከገበያ ገዝተው፣ ለልብስ ሰፊ ከፍለው፣ ደብተሩን በደርዘን ይዘው ያስሉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የነገሩኝን እንዳለ ወስጄ፣ ያልነገሩኝን በግምት ሞልቼዋለሁ፤ ግምቱን በራስዎ ደረሰኝ ያርሙት። የትንሿ ልጅ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ከመስከረም እስከ ሰኔ አሥር ወር ስለሆነ 22,000 ብር ነው። መመዝገቢያ 1,500 እንበል፤ ይህ በየዓመቱ የሚደገም፣ ልጅዎ ብትቀርም የማይመለስ ብር ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያዝዛቸው በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ተጨማሪ መጻሕፍትና ደብተር 4,300። ሁለት ቅያሪ ዩኒፎርም ከነስፖርት ልብሱ 3,200፤ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ብቻ ስለሚገዛ ዋጋ መከራከር የለም። የኮንትራት ባጃጅ በወር 1,200፣ በዓመት 12,000። ለወላጆች ቀን፣ ለጉብኝት፣ ለፎቶ 1,000። ድምሩ 44,000 ብር። እርስዎ ሲጠይቁኝ 22,000 መስሎዎት ነበር፤ እጥፍ ሆነ።

ለመንግሥቱ ደግሞ መዋጮ 600፣ የተሰፋ ዩኒፎርም 1,400፣ ደብተርና እስክሪብቶ 1,500፣ ለፎቶ ኮፒና ለፈተና ወረቀት 500። አራት ሺህ ብር። ትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስበት ከሆነ ባጃጅ የለም። እዚህ ላይ ቆመው «40,000 ተረፈኝ» ብለው እንዳይነሡ። አስጠኚ ያስፈልጋል፤ በወር 1,000 ብር ለዘጠኝ ወር 9,000 ይሁን። ድምሩ 13,000 መጣ። ልዩነቱ 31,000 ብር ነው።

ይህም ገና አላለቀም። ብዙዎቹ የከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ነው የሚያስተምሩት። ልጅዎ ጠዋት ከገባች እኩለ ቀን ላይ ቤት ናት። ቤት ማን አለ? በጥያቄዎ ውስጥ ያላገኘሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው። አያት ወይም ሌላ ታማኝ ሰው ካለ ዋጋው ዜሮ ነው። ከሌለ ሱቅዎን ከሰዓት ይዘጋሉ። በአንድ ከሰዓት የሚያገኙት ትርፍ 100 ብር ብቻ ቢሆን እንኳ በዓመቱ 180 ገደማ የትምህርት ቀናት 18,000 ብር ያጣሉ። ያኔ የመንግሥቱ ወጪ 31,000 ይሆንና ከግሉ ጋር ያለው ልዩነት 13,000 ብቻ ሆኖ ያርፋል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ትልቁ ወጪ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ የእናት ከሰዓት ነው። ብዙ ወላጅ ግሉን የሚመርጠው ለእንግሊዝኛው እንደሆነ ይናገራል፤ እኔ እንደታዘብኩት ግማሹ የሚከፍለው ልጁ እስከ ዘጠኝ ተኩል ድረስ ተጠብቆ እንዲውልለት ነው። ነውር የለውም፣ ግን በስሙ ይጠራ።

በግሉ በኩል ደግሞ አስጠኚ እንዳልደመርኩ ልብ ይበሉ። ብዙ የግል ተማሪ ወላጆች ግን ያው አስጠኚ ይቀጥራሉ፤ የቤት ሥራው በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ ማታ የሚያግዘው ሰው አይገኝም። 44,000 ከፍሎ ለዚያው ትምህርት እንደገና 9,000 መክፈል የሚገርመኝ ነገር ነው። የበለጠ የሚገርመው ደግሞ አስጠኚው ብዙ ጊዜ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር መሆኑ ነው። ጠዋት በመንግሥቱ ፈረቃውን ጨርሶ፣ ከሰዓት በግሉ ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተምሮ፣ ማታ ማራኪ ለማስጠናት የሚወጣ መምህር ጎንደር ውስጥ ብርቅ አይደለም። አንድ ሰው ነው፣ በቀን ሦስት ዋጋ አለው። ልዩነቱ በፊቱ የሚቀመጡት ልጆች ቁጥር ነው።

ስለዚህ ስለ ክፍሉ ልንገርዎት። በአገራችን መለኪያ አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል 50 ተማሪ፣ የሁለተኛ ደረጃው 40 እንዲይዝ ይጠበቃል። ከ70 በላይ ልጆች በያዘ ክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ፤ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ሰው ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፣ መሀል ያለው ክርኑን አጥፎ ይጽፋል። መጽሐፉ ለሁሉም ካልደረሰ መምህሩ ጥያቄውን ከመጽሐፍ ወደ ሰሌዳ ይገለብጣል፣ ልጆቹ ከሰሌዳ ወደ ደብተር ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል። ተገለበጠ እንጂ ምን ተማሩ? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ መጻሕፍቱ በስልክ ቢሠራጩም፣ የሰባት ዓመት ልጅ በእናቷ ስልክ ላይ ሳይንስ እንድታነብ መጠበቅ ቀልድ ነው።

ይሁን እንጂ የግሉ ክፍል 35 ልጅ ስለያዘ ብቻ ልብዎን እንዳይሰጡት። አንድ ጊዜ የሁለት የሦስተኛ ክፍል ልጆችን የአማርኛ ደብተር ጎን ለጎን አድርጌ አይቻለሁ፤ አንዷ በግል፣ አንዱ በመንግሥት የሚማሩ የአንድ ግቢ ልጆች ነበሩ። የልጅቱ ደብተር በፕላስቲክ ተለብጦ፣ ስሟ በኮምፒውተር ተጽፎ ያምራል። ስገልጠው ግን ጎንደርን «ን» ዘልላ «ጎደር የፋሲል ከተማ ናት» ብላ ጽፋ ከጎኑ ትልቅ ቀይ ራይት ተደርጎበታል። ከዚያ በታች እስከ ገጹ መጨረሻ ራይት ብቻ። የልጁ ደብተር ጠርዙ ተበልቷል፣ ዘይት ነክቶታል። ነገር ግን በየአምስት ቀኑ ገደማ የተሳሳተው ቃል ተከቦ፣ ትክክሉ ከላይ ተጽፎ፣ «ሦስት ጊዜ ጻፍ» ተብሎ ከነቀኑ ተፈርሞበታል። የልጁን መምህርት ስጠይቃቸው 68 ተማሪ አለኝ፣ በቀን 14 ደብተር በተራ ወስጄ አርማለሁ አሉኝ። በሳምንት አንድ ዙር መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ሲጠይቀኝ «የትኛው ትምህርት ቤት?» ለሚለው መልሴ «የማንን ክፍል?» ሆኗል።

እርስዎም በእጅዎ ያሉትን ሁለቱን አማራጮች እንዲሁ ይፈትኗቸው። ለመመዝገብ ሳይሆን ለማየት ይሂዱ። ከጎረቤት ልጅ የአምናውን ደብተር ተውሰው ቀዩን እስክሪብቶ ይከተሉ። የግሉን ርዕሰ መምህር ባለፈው ዓመት ስንት መምህር እንደለቀቀበት ይጠይቁ፤ ለመምህራኑ የክረምት ደመወዝ የማይከፍል ትምህርት ቤት በየመስከረሙ አዲስ ፊት ይዞ ነው የሚከፍተው። ሁለቱንም የኢንስፔክሽን ደረጃቸውን ይጠይቁ። ትምህርት ቤቶች ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ፤ መለኪያውን አሟልቷል የሚባለው ከደረጃ 3 ጀምሮ ነው። አንዳንዱ የግል ትምህርት ቤት በራፉ ላይ የሚለጥፈው የተመራቂዎችን ፎቶ እንጂ ይህን ቁጥር አይደለም። ደብዳቤውን ያሳዩኝ ማለት መብትዎ ነው።

አሁን ደግሞ ሰዎች የማያሰሉትን ላንሳ። እርስዎ የጠየቁኝ ስለ መጪው ዓመት ነው፤ የሚፈርሙት ግን የ12 ዓመት ነገር ነው። ክፍያው በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨምር በአምስት ዓመት እጥፍ ይሆናል፤ የአንደኛ ክፍሉ 2,200 ስድስተኛ ክፍል ላይ 4,400 ሆኖ ይጠብቅዎታል። 15 በመቶ አጋንኛለሁ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ወረቀቱ፣ ኪራዩ፣ ነዳጁ የት እንደደረሰ ሱቅ ያለው ሰው ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። በርካታ የግል ትምህርት ቤቶች ለመኖሪያ ተብሎ በተሠራ ቤት ውስጥ በኪራይ የሚያስተምሩ ናቸው፤ አከራዩ ሲጨምር እነሱም ይጨምራሉ። ባለቤቶቹን ሁሉ ስግብግብ አልልም፤ መዝገባቸውን ሳገላብጥ በሁለት ወር የወላጅ ውዝፍ ምክንያት ደመወዝ መክፈል ያቃተው አይቻለሁ። በግንቦት አዲስ መኪና የገዛም አይቻለሁ።

የባለቤትዎን ደመወዝ አልነገሩኝም። ለማነጻጸሪያ፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ነው፤ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጁ የሚገባው 8,600 ገደማ። 44,000ውን ለአሥር ወር ቢያካፍሉት በልጅ 4,400 ነው። ሁለቱ ልጆች በአንድ ዋጋ ቢማሩ እንኳ 8,800። የአባትየው ደመወዝ እንዳለ ትምህርት ቤት ገብቶ ሁለት መቶ ብር ይጎድላል፤ ቤት ኪራዩና ጤፉ በሱቅዎ ትከሻ ላይ ናቸው ማለት ነው።

የምፈራልዎት ይህን ነው። ልጅን የሚጎዳው መንግሥት ትምህርት ቤት መማሩ አይደለም፤ መሀል ላይ ገንዘብ ሲያልቅ ተነጥቆ መውጣቱ ነው። ጥር ላይ የሁለት ወር ውዝፍ ያለበት ልጅ በሰልፍ ላይ ስሙ ሲጠራ፣ ካርዱ ሲያዝበት፣ በዓመቱ አጋማሽ ሲወጣ አይቻለሁ። ደግሞ መልቀቂያው ውዝፉ ካልተከፈለ አይሰጥም፤ ያለ መልቀቂያ ሌላው ትምህርት ቤት አይመዘግብም። እንዲህ ከሚሆን አስቀድሞ፣ በተረጋጋ ጊዜ፣ በትክክለኛው መገጣጠሚያ ላይ ማዛወር ይሻላል።

መገጣጠሚያዎቹ የታወቁ ናቸው። በአሁኑ ሥርዓት ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ አንደኛ ደረጃ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ መካከለኛ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሁለተኛ ደረጃ ነው። ስድስተኛና ስምንተኛ ላይ ክልላዊ ፈተና አለ። በፈተናው ዓመት ልጅ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የእርስዎ ትልቁ ልጅ አሁን አምስተኛ ከሆነ፣ አቅም እስከፈቀደ አምስተኛንና ስድስተኛን እዚያው ይጨርስና ለሰባተኛ ይዛወር። ትንሿ ግን አሁኑኑ አንደኛ ክፍልን በመንግሥቱ ብትጀምር እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ባልደረቦቼ አይስማሙኝም። «መሠረቱ ነው ዋናው፤ ታች ላይ ክፈልና ላይ ላይ ቆጥብ» ይላሉ። አላጣጥለውም፣ ልጁ ያላነበበበት ሦስተኛ ክፍል የጠፋ ሦስተኛ ክፍል ነው። ነገር ግን የአንደኛ ክፍል ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ፊደል መለየት፣ ማንበብ፣ መደመርና መቀነስ ነው። ይህን እናት ልታግዝ ትችላለች፤ ታላቅ ወንድም ይችላል። ጎንደር ላይ ደግሞ ሌላው ከተማ የማያገኘው አለን። የመጽሐፍ ትርጓሜውና የአቋቋሙ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማው፣ አገር ላይ ተቀምጠን የኔታን ረስተናቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ከሆነች በክረምቱ ወደ አንዱ ደብር ትላክ፤ ሀሁ ቆጥራ፣ አቡጊዳ ዘልቃ፣ መልእክተ ዮሐንስን እያዜመች የተመለሰች ልጅ መስከረም ላይ የአማርኛ መጽሐፍ አያስደነግጣትም። የሚሰጡት ከአንድ ወር የባጃጅ ኮንትራት አይበልጥም። የሙስሊም ቤተሰቦች ልጆችም ከቁርኣን ቤት ያገኙትን የማጥናት ልምድ ክፍል ውስጥ ሳየው ኖሬአለሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስን ግን እናትም የኔታም አያግዙም። ያኔ ጥሩ አስጠኚ፣ ምናልባትም ጥሩ የግል ትምህርት ቤት መግዛት ያስፈልግ ይሆናል፤ ገንዘቡ ያኔ እንዲኖርዎት አሁን አይጨርሱት።

ላይኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚከብድ ቁጥሩ ይናገራል። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከወደቁት መካከል ለ12 ዓመት የተከፈለላቸውም፣ አንድ ብር ያልተከፈለላቸውም አሉ። ከኬጂ ጀምሮ እየከፈለ የመጣ አባት ውጤት በወጣ ማግሥት ቢሮዬ መጥቶ ደረሰኞቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ነበር። ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ሻይ አዘዝኩለት።

የትንሿ ነገር ሁኔታ አለው። ቤት የሚጠብቃት ሰው ከሌለና ፈረቃውን በዘመድም በጎረቤትም መሸፈን ካልቻሉ፣ ወይም ያዩት የመንግሥት ክፍል 80 ልጅ ታጭቆበት ቀይ እስክሪብቶ የማያውቅ ሆኖ ካገኙት፣ ያችን 13,000 ብር ለመቆጠብ ብለው አያዛውሯት። ርቀቱም አለ። ልጅ በእግር ከምትደርስበት ያልሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤት ባጃጅ ስለሚያስከፍል ከቁጠባው 12,000 ይነሣል፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ መንገድ ድንገት የሚዘጋበት ቀን ስንት እንደነበር እርስዎም ያውቁታል። በእንዲህ ያለ ቀን ሮጠው የሚያመጧት ቅርብ ትምህርት ቤት ከየትኛውም ደረጃ ይበልጥብኛል። ትልቁን በግሉ ሲያስቀጥሉም ይህንኑ ያስቡ፤ ትምህርት በሚቋረጥባቸው ሳምንታት ክፍያው ይቀጥላል ወይ ብለው ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል «እንነጋገራለን» የተባለ ነገር ሰኔ ላይ ማንም አያስታውሰውም።

ከወሰኑ ጊዜው አጭር ነው። የመንግሥቶቹ ምዝገባ የሚጀምረው በክረምቱ ውስጥ ሲሆን ቅርብ የሆኑት ቶሎ ይሞላሉ፤ የልደት ምስክር ወረቀትና የነዋሪነት መታወቂያዎን ያዘጋጁ። የኬጂውን ማስረጃ ሊያወጡ ሲሄዱ የሰኔን ክፍያ ደረሰኝ መያዝዎን አይርሱ። ገንዘብ ያዧ «መዝገቡ ላይ አይታየኝም» ካለችዎት፣ የደረሰኙን ቁጥር ጠቅሰው ግራ ቀሪውን፣ በጥራዙ ላይ የቀረውን ቅጂ፣ ታውጣ።